አርባ አንድ ክፍት ሬዲዮ

ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ዘፈን አብሮ መስማት ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማንም አልከለከለም። እንዲሁ ቀረ።

ሰርግ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባለፈው ጥር ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ይጨፍር ነበር። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ የሚሰማው የጫማ ኮቴና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፣ አጠገቡ ያለው ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ሙሽራው ይዘላል፣ ሙሽራዋ ታለቅሳለች። ለእያንዳንዱ ጆሮ የልቡን ምት፣ የዕለቱን ስሜትና የትናንቱን እንቅልፍ አይቶ ዘፈን የሚሠራለት አለ። ዘፈኑ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልቃል፣ ሁለተኛ አይገኝም። የአገልግሎቱ የወረቀት ስም "ግል ዜማ" ነው። ጆሮ ውስጥ የምትገባዋን ነገር ግን ሕዝቡ ቆሎ ነው የሚላት፤ መጠኗም መልኳም ያው ነውና። ስሙን ማን እንዳወጣው ባይታወቅም፣ ድሬዎች የድሬ ልጅ ለመሆኑ አይጠራጠሩም።

የሙዚቃ ቴሌቪዥንም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ተዘጋ የሚል ማስታወቂያ አልወጣም። መጀመሪያ ተመልካቹ ክሊፑን ይምረጥ ተባለ። ቀጥሎ በክሊፑ ውስጥ ያለውን ፊት ይምረጥ ተባለ። ከዚያ ፊቱ የተመልካቹ የራሱ ሆነና ነገሩ አለቀ። አሁን ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስክሪን ላይ አሥር ሰው ያፈጣል፤ አሥሩም የሚያየው ራሱን ሲዘፍን ነው። ሻያቸው ይቀዘቅዛል።

ሃሴት ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ነበረች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እሷ በተወለደችበት ዘመን ሃሴት የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሰማ ሁሉ አሮጊት እንደሚመጣ ያውቃል። በወጣትነቷ "ቀትር" በሚባል አራት ሰው ባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ትጫወት ነበር። አንድ ክሊፕ ሠርተዋል፤ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ በሙዚቃ ቴሌቪዥን ታየ፣ እናቷም ሦስቱንም ቅዳሜ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። የባንዱ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ቤዝ ጊታሩ ሦስት ክር ቀርቶት የሥራ ቦታዋ ጥግ ላይ ቆሟል።

እንጀራዋ ሬዲዮ ጠጠር ነው። ከድሮው የባቡር ጣቢያ ጀርባ ሁለት ክፍል፣ ጣራው ላይ አንድ ብረት ምሰሶ። ከአዋሽ ወዲህ የቀረ የሮክ ሬዲዮ እሱ ብቻ ነው። ጋዜጠኛዋም፣ ቴክኒሻኗም፣ ጠራጊዋም እሷው ናት። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ከፀሐይ ሸሽቶ በሩን ሲዘጋ፣ "የግብዣ ሰዓት"ን ትከፍታለች። የግብዣው ወረቀት ሦስት መስመር አለው፤ ከማን፣ ለማን፣ የትኛው ዘፈን። ከሥሩ "ለራስ መጋበዝ አይቻልም" ተብሎ ተጽፏል። ይህን ደንብ ያወጡት ጣቢያውን የመሠረቱት ሰዎች ናቸው። እነሱ አንድ በአንድ አለፉ፣ ደንቡ ግን እስከዛሬ ይሠራል።

የአገሩ ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል። በሰባት ሰዓት ላይ ቢያንስ አርባ ተቀባይ የተከፈተለት ሞገድ የባለቤቱ ነው፤ ከአርባ ከወረደ ለግል ዜማ ይሰጣል። ለምን አርባ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ቆጣሪ አለ። ሃሴት ማይኩን ከመክፈቷ በፊት ቀና ብላ ታየዋለች። አርባ አንድ ይላል። መብራት የተቆራረጠ ቀን አርባ ይሆናል፣ በነጋታው ተመልሶ አርባ አንድ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አርባ አንድ። የማይጨምርም የማይቀንስም ቁጥር ሊያሳስባት በተገባ ነበር፤ ግን የምሥራችን ቁጭ ብሎ የሚመረምር ማን አለ?

ግብዣዎቹን በየእሑዱ የሚያመጣላት ጋሽ ያፌት ነው። ሰማንያ አራት ዓመቱ ሲሆን የአድማጮች ዕድር ሰብሳቢ ነው። ዕድሩ የተቋቋመው ድሮ አንድ ዘመድ የሌለው አድማጭ ሞቶ ቀባሪ ባጣ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ደንቡም ሳይጓደል ይኖራል። ወረቀቶቹ ሁሉ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። በእጁ መጻፍ የሚችል ሰው ስለጠፋ ሽማግሌው ቤት ለቤት እየዞረ ይጽፍላቸዋል ብላ ታስብና ታዝንለታለች። በአየር ላይ ግን ሰዎቹን አትምራቸውም።

"አብዱልናስር፣ ዛሬም 'ደረቅ ወንዝ'?" ትላለች። "ቤዙን የመታሁት እኔ ሆኜ ሰልችቶኛል፤ አንተን እንዴት አይሰለችህም? እሺ፣ ከአብዱልናስር ለቤቱ ሰዎች በሙሉ።"

ሃሴት ባል አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ የላትም። በዚህ ዓለም ላይ ሰው አለኝ ስትል የምትቆጥረው እነዚህን አርባ አንዱን ነው።

ደብዳቤው የመጣው በሚያዝያ ነው። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ባለመለዋወጡ ተቀባዮቹ በአካል ይታያሉ ይላል። ሰኞ ዕለት ኢዮስያስ የሚባል የሞገድ አስተዳደር መርማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው የተጣበቀ ሰው ነው።

"እርስዎ ወይዘሮ ሃሴት ነዎት?"

"ነኝ። አንተስ?"

ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፤ ያለው ሰው አለው፣ የሚለብሰው ግን የለም። መርማሪው ትንሽ ደንገጥ ብሎ ስሙን ተናገረና ምርመራው ስርጭት ላይ እያለ፣ ባለቤቷ ባለችበት መደረግ እንዳለበት አስረዳ።

"እኔ ካንተ ጋር ከዞርኩ ማን ይናገራል?"

"ቀድተው ይተዉት።"

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ሰዓት ሲሞላ ማይኩ ፊት ያልተቀመጠችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ጠዋት ቀዳች፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲደጋገም አዘጋጀች፣ የአድማጮቹን ስም ዝርዝር ያዘችና ሾፌር አልባ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ደስ ብሏታል፤ መደበቅም አልቻለችም። ስማቸውን ሠላሳ ዓመት ስትጠራ የኖረቻቸውን ሰዎች ፊት ልታይ ነው። ለዚህ ብላ ቀሚስ ቀይራለች።

መጀመሪያ ጋሽ ያፌት ቤት ሄዱ። ሽማግሌው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሬዲዮው ፊት ተቀምጧል። ከሬዲዮው ውስጥ አንዲት ሴት ትናገራለች።

"ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?" አለች ሃሴት።

"ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው" አለ ጋሽ ያፌት። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረ። "ቁጭ በል አቦ፣ ሻይ ይምጣ። ፀሐዩ ይብረድ። የቀሩት እንደሆነ የትም አይሄዱ።"

መርማሪው አመስግኖ እምቢ አለ። ፎርሙ ላይ "ክፍት" እና "በሕይወት ያለ አድማጭ" በሚሉት ሁለት ሳጥኖች ምልክት አድርጎ ወጡ። ጋሽ ያፌት በሩ ላይ ቆሞ ባጃጁ እስኪታጠፍ አያቸው።

ሳቢያን ያለው ሁለተኛው ቤት በር በአንዲት ጎልማሳ ሴት ተከፈተ። ቆሎዋን ከጆሮዋ አውጥታ የመጡበትን ከሰማች በኋላ ወደ ዕቃ ቤት መራቻቸው። ሬዲዮው ጤፍ በያዘ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጊታር ይጮሃል።

"የአክስቴ ነው።"

"የታለች?" አለች ሃሴት፣ እየሳቀች። "ልያት እስቲ።"

"አረፈች እኮ። አምስት ዓመቷ።"

መርማሪው አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ፣ ሌላውን ተወው። ሃሴት ስህተት ነው ብላ አሰበች፤ ከአርባ አንድ አንድ ሰው ቢሞት አይገርምም። ሦስተኛው ቤት ሬዲዮው ፍሪጅ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ከተቀበረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አራተኛው ቤት ሬዲዮው ጓሮ ውስጥ ነው፤ ጀርባው ስለሚሞቅ ዶሮ እንቁላሏን ከጎኑ ትጥላለች። አምስተኛው ቤት ሰውየው ሬዲዮ መኖሩን ረስቶት ነበርና ከአልጋ ሥር ጎትቶ ሲያወጣው የሃሴት ድምፅ አቧራ እንደለበሰ ወጣ፤ የሰውየውን ወላጅ አባት በስማቸው እየጠራ መልካም ምሳ ይመኝላቸዋል።

ከአሥረኛው ቤት በኋላ "የታሉ?" ብላ መጠየቅ ተወች። በር ከማንኳኳታቸው በፊት ስሙን በልቧ ታነበዋለች። ይኼኛው ከበሮ የበዛበት ይወዳል። ይቺኛዋ ለእህቷ ብቻ ነው የምትጋብዘው። ቤቶቹ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ጨዋ ናቸው፣ ውሃ ይሰጣሉ፣ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ አደራ ነው፣ አይዘጋም።

መጋላ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በሩን የከፈተችው ኢክራም ትባላለች፤ የአብዱልናስር ልጅ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ የባጃጅ ባትሪ መቀየሪያ ውስጥ የምትሠራ። ጠዋት ሠርታ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ትገባለች። ሬዲዮው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ በሚስማር ተንጠልጥሏል። ቆሎዋን አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘች።

"አባዬ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው" አለች።

"እሑድ ዕለት እኮ የግብዣ ወረቀቱ ደርሶኛል" አለች ሃሴት። ማለቱ ምንም እንደማይጠቅም እያወቀች ነው ያለችው።

"እሱ አይደለም። ወረቀቱን ዕድር ነው የሚጽፈው መሰለኝ።" ኢክራም አፈረች። "አትዝጊው ብሎ ነው የሞተው። ዕድሩም ደንብ ነው አለ። እኔ ወላሂ አልሰማውም። እንዳለ ተውኩት እንጂ።"

ይህን እያለች "ደረቅ ወንዝ" ጀመረ። ከበሮው ገባ፣ ጊታሩ ተከተለ፣ ከሥር የሃያ ስድስት ዓመቷ ሃሴት የምትመታው ቤዝ መጣ። ኢክራም አንገቷን አዘነበለች። ድምፁ ከሚስማሩ ላይ ይመጣል፤ ከግድግዳው ማዶም ይመጣል።

"ይሄ ደግሞ ከየት ነው?"

"ከጎረቤት ነዋ" አለች ሃሴት።

ኢዮስያስ ወደ ግቢው ወጥቶ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጆሮውን ሰጠ። ፊቱ ላይ የጋዝ ሽታ የሸተተው ሰው ስጋት ይታያል።

"አንድ ዓይነት ነው" አለ። "በአንድ ጊዜ። ብልሽት ነው?"

"ብልሽት አይደለም። ሬዲዮ ነው።"

መርማሪው ዘፈኑ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ። ፎርሙ ይህን አይጠይቅም። ኢክራምም ቆሎዋን ወደ ጆሮዋ ሳትመልስ ግድግዳውን ታይ ነበር፤ በዚያ ቤት ሰው መኖሩን ያን ዕለት ያወቀች ትመስላለች። ቀጥለው የጎረቤቱን በር አንኳኩ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ባልቴት ሞተዋል። ልጃቸው በሩን ስንጥቅ አድርጎ ከፍቶ "አለ፣ ይሠራል" አለና መልሶ ዘጋው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጨረሱ። ከጋሽ ያፌት ሌላ ባለስሙ ራሱ በር የከፈተላቸው ሦስት ቤት ብቻ ነው። ክፍት ተቀባይ፣ አርባ አንድ። በሕይወት ያለ አድማጭ፣ አራት።

ጋሽ ያፌት ስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሃሴት ሰላም አላለችውም።

"ደንቡን ያወጣነው ቁጥሩ እየወረደ አርባ አንድ ሲደርስ ነው" አለ፣ ሳትጠይቀው። "የሞተ አባል ሬዲዮው አይዘጋም፣ ቤተሰቡ ይጠብቀዋል ብለን። አንድ ቤት እንኳን እምቢ አላለም።"

"ግብዣዎቹስ?"

"የድሯቸውን እየገለበጥኩ ነው የማመጣልሽ። የራሳቸው ቃል ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።"

"ለእኔ መንገር አቃታችሁ?"

"ብነግርሽ ማይኩን ትከፍቺው ነበር?"

ጥያቄው ይበልጥ አናደዳት። "ባለፈው ሳምንት አብዱልናስር ላይ ቀለድኩበት" አለች። "ሰባት ዓመት በሞተ ሰው ላይ! በአየር! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመቃብር ጋር ነው የማወራው?"

ኢዮስያስ ፎርሙን ዘረጋ። "ሕጉ ክፍት ተቀባይ ነው የሚለው" አለ። "አርባ አንድ ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ግን እዚህ ታች 'አድማጭ ያለው' የሚል መስመር አለ። እሱን ሞልተው የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ከአርባ በታች ከሞሉ ሞገዱ ለግል ዜማ ይሰጥ ተብሎ ይላካል።"

"አርባ አንድ በዪና ፈርሚ አቦ" አለ ጋሽ ያፌት። "ዕድሩ ምስክር ነው።"

ሃሴት እስክሪብቶውን ወሰደች። ስለ እውነት ብላ ነው ቢባል ውሸት ይሆናል። ተናዳለች፣ አፍራለች፣ ያቺ በአርባ አንድ ቤት ለባዶ ክፍል ስትቀልድ የዋለች ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ናት፤ ዝም ልታሰኛት ፈልጋለች። "አራት" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ጋሽ ያፌት ወረቀቱን አየው።

"እኛስ?" አለ። "አራታችንስ?"

እሷ ወደ ውስጥ ገብታ ገመዶቹን መንቀል ጀምራ ነበር። ሽማግሌው ኮፍያውን አደረገና ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ጠጠር ተዘጋ። ከተማው ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር አልታየም፤ ባጃጆቹ በጸጥታ ይሄዳሉ፣ ሰው ሁሉ በየራሱ ምት ይራመዳል።

በሚቀጥሉት ቀናት ሃሴት ሰባት ሰዓት ሲደርስ ትተኛለች። እንቅልፍ ግን አይወስዳትም፤ ሰውነቷ ሰዓቱን ያውቀዋል፣ አፏ ይደርቃል። የጋሽ ያፌት ጥያቄም ይመጣባታል። ሠላሳ ሰባት ሙታን ዋሹኝ ብላ አራት ሕያዋንን ቀበረቻቸው፤ ነገሩ ሲገለበጥ እንዲህ ነው። ይቅርታ ልትለው አስባ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሳ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን መተኛቱን ትታ በቀትር ዳቦ ልትገዛ መጋላ ወጣች። በአንድ መስኮት ሥር ስታልፍ እንደ ዘይት መጥበሻ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማች። ባዶ ሞገድ ነው። ሃምሳ እርምጃ እልፍ ብላ ከሌላ መስኮት ያንኑ ሰማች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች። አልዘጉትም። ማንም አልዘጋውም።

በስድስተኛው ቀን ኢዮስያስ ስልክ ደወለ።

"ወይዘሮ ሃሴት፣ አንድ ችግር ገጥሞናል" አለ። "ሞገዱን ለግል ዜማ ልንሰጠው አልቻልንም። ቆጣሪው አርባ አንድ ይላል።"

"ስርጭት የለ!"

"የለም። ተቀባዮቹ ግን ክፍት ናቸው። አርባ ተቀባይ የተከፈተለት ሞገድ ለሌላ አይሰጥም፤ ሕጉ ስርጭት ይኑር አይኑር አይልም። ምንም በማይተላለፍበት ሞገድ ላይ አርባ አንድ አድማጭ ሲኖር የመጀመሪያው ነው። ሰዎቹ ለምን አይዘጉትም?"

"አደራ ነዋ፣ ልጄ።"

መርማሪው ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማት። ከዚያ "እርስዎ ማሰራጫውን መልሰው ቢያበሩት የሚከለክልዎ አንቀጽ ፈልጌ ነበር" አለ። "ስድስት ቀን ፈለግኩ። አላገኘሁም። ይህንን በጽሑፍ አልሰጥዎትም።" ሊዘጋ ሲል ደግሞ ጨመረ። "ያ ግቢ ውስጥ የሰማነው ዘፈን ስሙ ማን ነበር? ቆሎዬን አድርጌ ፈለግኩት። ሌላ እየሠራ ያመጣልኛል እንጂ እሱን አያመጣውም።"

ነገረችው። እየጻፈ መሆኑን ከትንፋሹ አወቀች።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሃሴት ስቱዲዮው ውስጥ ነበረች። ለራሷ የነገረችው ቤዝ ጊታሩን ልትወስድ እንደመጣች ነው። ቆጣሪው አርባ አንድ ይላል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ስታየው በሩ ተንኳኳ። ኢክራም ናት፤ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ በሁለት እጇ ድስት ይዛ።

"ይሄን እዪልኝ" አለችና ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቂጡ ከስሏል።

"ምንድን ነው?"

"ሩዝ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ አረረብኝ! ሰባት ሰዓት ሲሆን እጥዳለሁ፣ አውርጄ እበላለሁ፣ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አርሮብኝ አያውቅም። ዘንድሮ ምን ነካኝ አልኩ። ትናንት ማድ ቤት ቆሜ ነው የገባኝ።" ድምጿ ተሰበረ፣ ተቆጣችም። "ለካ ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ነው የማማስለው። አንቺ ከአባዬ ጋር ቀልደሽ ስትስቂ ነው የማወርደው።"

"አልሰማውም ብለሽ አልነበር?"

"አልሰማውም ነበራ! ቆሎ በጆሮዬ አድርጌ እንዴት እሰማለሁ?" ፊቷን በክንዷ ጠረገች። "አሁን ያ ሽሽሽ ብቻ ነው። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። አባዬ ሲሞት እንኳን እንዲህ ባዶ አልሆነም። ለምን ዘጋሽው? የማን ነው ብለሽ ነው የዘጋሽው?"

ሃሴት ድስቱን አየችው። ስድስት ቀን ሙሉ ማንም ያልተናገራት ነገር ነው፤ ደስ አላት፣ ደስ ማለቷም አሳፈራት። ዕንባዋ ሲመጣ አላባረረችውም። መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ባዶ የግብዣ ወረቀት አወጣችና ከእስክሪብቶ ጋር ወደ ኢክራም ገፋችው።

"መጻፍ አልችልም" አለች ኢክራም።

"ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከማን?"

"ከእኔ። ከኢክራም አብዱልናስር።"

"የትኛው ዘፈን?"

"ያ የአባዬ። ስሙን እንኳን አላውቀውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ። ለማን?"

ኢክራም ግራ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ዘፈን ሲሠራላት ለማን ነው ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። "ለእኔ ነዋ" አለች።

"ለራስ መጋበዝ አይቻልም።" ሃሴት በእስክሪብቶው ጫፍ ከሥር የተጻፈውን አሳየቻት። "የጣቢያው ደንብ ነው።"

"ለአባዬ ልበል?"

"የእሱን በቀደም ጋብዘንለታል። ሬዲዮ ያለው ሰው ይሁን፣ የሚሰማ።"

ኢክራም ለረጅም ጊዜ አሰበች። ከውጭ ድምፅ የለም፤ ከተማው በሩን ዘግቷል። ሃሴት በዚህ መሐል ተነስታ ጋሽ ያፌት ጋ ደወለች፣ "ሬዲዮህ ፊት ተቀመጥ" ብቻ ብላው መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋች፣ የማሰራጫውንም ገመድ መልሳ ሰካች። ከባዱን ይቅርታ ሰባት ሰዓት ላይ በአየር ትለዋለች።

"ያ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰውዬ" አለች ኢክራም በመጨረሻ። "ያኔ አብሮን ሲሰማ የነበረው። ለእሱ።"

"ስሙ ማን ነው?"

ኢክራም ስሙን አታውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል። ቆሎዋን ከኪሷ አወጣች፣ አየቻት፣ መልሳ ኪሷ ከተተቻት።

"ጠይቄው ልምጣ" አለች።

"ሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።"

"እሮጣለሁ።" በዚያ ፀሐይ፣ ድስቷን እዚያው ትታ ወጣች።

ሃሴት ማሰራጫውን አበራች፣ እስኪሞቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ "ለማን" የሚለውን መስመር ክፍት ትታ ጠበቀች።